ድምፅ የሌለው ቡና መፍጫ

ሃምሳ ሦስት ዓመቴ ነበር። በዚያ ዕድሜ የደሴ ሴት ስለ ቡና የማታውቀው ነገር ይኖራል የሚል ሰው ቢመጣ፣ ከግቢዬ በር ላይ የምመልሰው እኔው ነበርኩ። ከልጅነቴ ጀምሮ የለቀምኩት፣ ያጠብኩት፣ የቆላሁትና የወቀጥኩት ቡና ቢከመር ጦሳ ተራራን ባያክልም ትከሻው ላይ ይደርስ ነበር። ያን ሁሉ ወቅጬ ወቅጬ፣ በሃምሳ ሦስት ዓመቴ "ቡና በምን ይፈጫል?" እያልኩ ከሱቅ ሱቅ መዞሬን ሳስበው እስካሁን ብቻዬን እስቃለሁ።

ነገሩ የተጀመረው ከአባዬ ነው። አባዬ የአሰብ መስመር ሹፌር ነበሩ። መኪና ካቆሙ በኋላ ኮምቦልቻ ቤታቸው ሆነው፣ ጠዋት ጠዋት አደባባዩ አጠገብ ካለች ቡና ቤት በረንዳ ላይ ተቀምጠው የማሽን ቡና እየጠጡ አረጁ። እናቴ ከሞተች በኋላም ብቻቸውን ነው የኖሩት። "ደሴ እንውጣ" ብላቸው፣ "ደሴ ሰው የሚተላለፍበት ነው እንጂ የሚቀመጥበት አይደለም" ይሉኝ ነበር። አንድ ቀን ጓሯቸው ውስጥ ወደቁ። የሚያነሳ ሰው እስኪመጣ ድረስ ፀሐይዋ ከአንዱ ግድግዳ ወደ ሌላው ዞራለች። ከዚያ በኋላ ፈቃድ አልጠየቅኳቸውም፤ የሐረጎን ዳገት አስወጥቼ እኔ ቤት አመጣኋቸው። እኔም ባለቤቴ ከሞተ፣ ልጄ ሐያትም አዲስ አበባ ሥራ ከያዘች ወዲህ ቤቱ ሰፍቶኝ ነበር። ለሳቸው ብቻ ብዬ አመጣኋቸው ብል ውሸት ይሆናል።

መጡ እንጂ አልገቡም። ሰውነታቸው ደሴ፣ ሐሳባቸው ኮምቦልቻ። ደሴ ይበርዳል። ደሴ ዳገት ነው። የደሴ ጉም ጢም ያረጥባል። ከሁሉም በላይ ግን የደሴ ቡና፣ ማለትም የእኔ ቡና፣ ቡና አይደለም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ። በኛ ሰፈር ለቡና ሰው አይጠራም፤ የሚጠራው ሙቀጫው ነው። ከሰዓት በኋላ ዘነዘናው መውረድ ሲጀምር ጎረቤት የማን ቤት እንደሆነ በድምፁ ይለያል። የእኔ ሙቀጫ ወፍራም ድምፅ አለው፤ የጎረቤቴ የበላይነሽ ደግሞ ጉንፋን እንደያዘው ሰው ነው የሚናገረው። የሰማ ነጠላውን ደርቦ ይመጣል። ሳይሰማ የመጣ ሆዳም ነው፤ ሰምቶ የቀረ ደግሞ ኩሩ። ይህን ሕግ ማን እንዳወጣው አላውቅም፤ ተጥሶ ግን አላየሁም።

እናም ስወቅጥ በላይነሽ በአጥሩ በኩል ትመጣለች። ከፊት ለፊት ደግሞ ልብስ ሰፊው ጋሽ ይማም ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ እንዳጠለቁ ይመጣሉ። አባዬ ከበሩ አጠገብ ባለችው ወንበር ላይ ተቀምጠው ስኒውን ይቀበላሉ፤ አንዴ ፉት ይሉና ያስቀምጡታል።

"ይኼ ቡና ነው?"

"ታዲያ ምንድነው ጋሽ አሊ?" ይላሉ ጋሽ ይማም።

"ቡና ያለፈበት ውሃ።"

"እንግዲህ አሰብ ልንገባ ነው" ትላለች በላይነሽ፣ እግሯን እያመቻቸች።

በእርግጥም ይገባሉ። ሚሌን አልፈው፣ ኤሊዳር ላይ ጎማ ቀይረው፣ አሰብ ሲደርሱ አንድ ቡና ቤት አለ፤ ማሽኑ የቆየ የጣሊያን ነው፤ ቡናውን የሚቀዳው ሰውዬ እጀታውን ሲጫን ከመሬት ይነሳ ነበር። በላይነሽ፣ "ባለፈው አልተነሳም ነበር እኮ" ትላለች። አባዬም፣ "ባለፈው የነገርኩሽ ሌላው ነው፤ ይኼኛው ቀጭኑ ነው" ብለው ይቀጥላሉ። ቡናው እስከ በረካ፣ እስከ መጨረሻው ስኒ፣ እንዲህ ይዘልቃል።

እኔ ግን ከዚያ ሁሉ ወሬ የምትሰማኝ የመጀመሪያዋ ቃል ብቻ ነበረች። ይኼ ቡና ነው? በሰው ፊት። ሃምሳ ሦስት ዓመቴን ይዤ፣ በገዛ ቤቴ፣ በገዛ አባቴ። ሰዉ ሲሄድ ደግሞ ስኒውን ሳነሳ እንዲህ ይሉኛል፦ "አረፋን ቤቴ ነው የምውለው። ከዚያም አልመለስም።"

አረፋ ሩቅ አልነበረም። ኮምቦልቻ ከተመለሱ ያ ጓሮ አለ። ያ ግድግዳና ያ ፀሐይ አሉ። እኔም ሌሊት ሌሊት ይህንኑ ሳስብ አድራለሁ። ታዲያ በመጨረሻ፣ ሰው ችግሩ ሲበዛበት ትንሿን መርጦ እንደሚይዝ፣ ቡናዋን ያዝኩ። የማሽን ቡና ከሆነ የናፈቃቸው፣ የማሽን ቡና እዚሁ ይጠጡ።

ለሐያት ደወልኩላት። "አብሽሪ እማ" አለችና የቤት ቡና ማሽን ገዝታ በአውቶቡስ ላከችልኝ። የሚያብረቀርቅ፣ የጫማ ካርቶን የምታክል ናት። ሐያት በስልክ እየመራችኝ ገጣጠምኳት። ሁሉም ካለቀ በኋላ፣ "አሁን መፍጫ ያስፈልግሻል" አለችኝ።

"ይኼ አይፈጭም እንዴ?"

"አይፈጭም። እሱን አንቺ ምረጪ። ቡናው ደቀቅ ማለት አለበት፤ ዱቄት ግን እንዳይሆን።"

"ደቆ ዱቄት ያልሆነ ነገር ምንድነው ልጄ?"

"እንደ ጨው በይው።"

ጨው ስትለኝ የታየኝ አባዬ ከአፋር እየጫኑ የሚያመጡት ነው፤ አንዳንዱ ድንጋይ የልጅ ራስ ያክላል። ያን ቀን የገባኝ ነገር፣ መፍጫ የሌለው የቡና ማሽን በቅሎ ሳይኖር የተገዛ ኮርቻ መሆኑ ነው። ኮርቻው ያምራል። ሰውም መጥቶ ያየዋል። የትም ግን አያደርስም።

መጀመሪያ፣ ሙቀጫ እያለኝ ለምን እገዛለሁ ብዬ ወቀጥኩ። ወቅጬም በወንፊት ነፋሁት፤ የሽሮ እንጂ የቡና ወንፊት የሚባል ነገር እንደሌለ ማን ይንገረኝ? የወረደው ዱቄት ነው። ጠቅጥቄ ማሽኗ ውስጥ ከተትኩት። አባዬ ወንበራቸውን አስጠጉ፤ በላይነሽና ጋሽ ይማምም ሙቀጫውን ሰምተው መጥተዋል። ማሽኗ እንደ ወላድ አቃሰተች። ተንቀጠቀጠች። ከዚያ እጀታዋ ተወርውሮ ወለሉ ላይ ወደቀ፤ ቡናው ደግሞ ኮርኒሱ ላይ ወጣ።

ሁላችንም ቀና ብለን አየን።

"በኮምቦልቻም ወደ ላይ ነው የሚቀዳው?" አለች በላይነሽ።

አባዬ መሀረባቸውን አውጥተው ፊታቸውን ጠረጉ። "አሰብ ላይ አንድ ጊዜ ብቻ አይቻለሁ" አሉ። ወሬውም እስኪመሽ ቀጠለ። ኮርኒሱ ላይ ያለው ነጠብጣብ ዛሬም አለ፤ ልቀባው እያልኩ ትቼዋለሁ።

ሁለተኛው መፍጫ የተገዛው ሙጋድ ገበያ፣ ከዘመዴ ከከድር ሱቅ ነው። በኛ ከተማ ዕቃ ከዘመድ መግዛት ግዴታ ነው፤ የተበላሸ ዕቃ ለዘመድ መመለስ ደግሞ ነውር ነው። ስለዚህ የከተማችን ግማሹ ሰው የማይሠራ ዕቃ እያመሰገነ ይኖራል። ከድር ውስጡ ምላጭ ያለበት፣ በመብራት የሚሽከረከር መፍጫ አወረደልኝ። ጥቁር አዝሙድ ጨምሮ ሞከረልኝ። ሽው አለና አደቀቀው።

"ሁሉን ይፈጫል" አለ።

"ቡናስ?"

"ቡና ከሁሉ ውስጥ አይደለም እንዴ?"

ከፍዬ ይዤው ሄድኩ። ቤት ስደርስ ግማሹን ቡና አቧራ፣ ግማሹን ደግሞ እንደነበረ አደረገው። ጩኸቱ ጥርስ ያንቀሳቅሳል። በላይነሽ በአጥሩ ላይ ብቅ ብላ፣ "ብየዳ ቤት ከፈትሽ ወይ?" አለችኝ፤ ቡና ነው ስላት መጣች፤ ጋሽ ይማምም ጩኸቱ ምን እንደሆነ ሊያዩ ተከተሏት። ከማሽኗ የወረደው ነገር ጠቆር ብሏል፤ ሽታው ግን ጥቁር አዝሙድ ነው።

አባዬ ፉት አሉ። "ይኼኛው ለጉንፋን ነው?"

"ወላሂ ለእኔ ተስማምቶኛል" አሉ ጋሽ ይማም፣ ደረታቸውን እያሻሹ። "ከክረምቱ ጀምሮ የዘጋኝን ከፈተልኝ።"

እነሱ ሳቁ። እኔ ግን ጓዳ ገብቼ መፍጫውን ሳጥብ ዓይኔ እንባ አቀረረ። አረፋ እየቀረበ ነው፤ እኔ ደግሞ ገና ጉንፋን ላይ ነኝ።

ስለዚህ ከምንጩ ልጠይቅ ብዬ በሚኒባስ ሐረጎን ወረድኩ። አባዬ ምን ልገዛ እንደምሄድ አልጠየቁኝም፤ "ተፈራን ካገኘሽው ሰላም በይልኝ" ብቻ አሉኝ። ጋሽ ተፈራ የሳቸው የመስመር ጓደኛ ናቸው፤ አብረው አሰብ ሲመላለሱ የኖሩ። ኮምቦልቻ ደርሼ ሹራቤን አወለቅኩና ወደዚያች ቡና ቤት ሄድኩ። ጋሽ ተፈራ ከበረንዳው ላይ ተቀምጠዋል፤ አጠገባቸው ያለው ወንበር ባዶ ነው። ሌላ ሰው ሊቀመጥበት ሲል፣ "ሰው አለው" ሲሉ ሰማኋቸው።

ሰላምታውን አድርሼ የመጣሁበትን ነገርኳቸው። ሳቁ።

"አባትሽ ቡናው ናፈቀኝ አለሽ?"

"የእኔን አይወዱትም። የዚህ ቤት መፍጫ ምን ዓይነት እንደሆነ ለማየት ነው የመጣሁት።"

"ልጄ፣ አባትሽ እኮ እዚህ ቡና ጨርሶ አያውቅም። ከስኒው የሚተርፈውን ዝንብ ነው የሚጠጣለት።"

"ታዲያ ሲውሉ ምን ይሠሩ ነበር?"

"ያወራል። ወሬው ሲረዝም ቡናው ይቀዘቅዛል። ከዚያ 'ይኼ ቡና ነው?' ብሎ ይቆጣል። ሌላ ያመጡለታል። እሱም ይቀዘቅዛል።"

በአንድ ጆሮዬ ሰማኋቸው። ሌላው ጆሮዬ ባንኮኒው ላይ ያለው መፍጫ ጋ ነበር። በዚያ ሰዓት ሊያጸዱት ፈትተውት ውስጡ ይታያል፤ ምላጭ የሚባል ነገር የለውም። ሁለት ጥርስ ያላቸው ብረቶች ፊት ለፊት ተያይተዋል፤ አንዱ ቆሟል፣ አንዱ ይዞራል፣ ቡናው በመካከላቸው ያልፋል። ቆሜ ሳየው ቀለለኝ። ይኼማ ወፍጮ ነው። ድንጋዩ ብረት ሆነ እንጂ የእናቴ ወፍጮ ልጅ ነው። ከከድር የገዛሁት መክተፊያ ኖሯል፤ መክተፍና መፍጨት ደግሞ አንድ አይደሉም፤ ይህን የማይለይ ሰው ጎመንና ጤፍም አይለይም። እንዲህ እያልኩ በራሴ ተደስቼ፣ ጋሽ ተፈራ የነገሩኝን እዚያው ጠረጴዛ ላይ ትቼው ተነሳሁ።

የቡና ቤቱ መፍጫ የጥጃ ያህል ስለሆነ እሱን መመኘት አይሆንም። ከገበያው አጠገብ ካለ የዕቃ ሱቅ ግን በእጅ የሚዞር አገኘሁ። ትንሽ ቴርሞስ ይመስላል። ውስጡ እነዚያ ጥርሶች አሉት፤ ከሥሩ ደግሞ ቀለበት አለው፤ ቀለበቱ ጠቅ ጠቅ እያለ ሲዞር ቡናው ይደቅቃል ወይም ይሻክራል። መብራት ቢጠፋም ይፈጫል።

"ደግሞ ድምፅ የለውም እትዬ" አለኝ ሻጩ። "የተኛ ሕፃን አይቀሰቅስም።"

ይህን እንደ ምርቃት ተቀብዬ፣ ሐረጎን ስወጣ እንደ ታቦት አቅፌው መጣሁ። አስተውሉ፣ እኔ ሙስሊም ነኝ፤ ግን በላይነሽ ስታየኝ ያለችው እንዲያ ነው፤ ደግሞ ትክክል ነበረች።

ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት የክንድ ቀናት ነበሩ። ቀለበቱን አጠብቄ ስፈጭ ማሽኗ ታንቃ ጠብታ ትከለክላለች፤ ሳላላው ደግሞ እንደ ክረምት ፍሳሽ ይወርዳል። አንድ ጠቅታ ወደዚህ፣ ግማሽ ወደዚያ። ሬዲዮ እየሰማሁ እፈጫለሁ፤ ሽንኩርቱ እስኪበስል እፈጫለሁ። ሐያት ስትደውል፣ "ምን እየሠራሽ ነው?" ስትለኝ መልሱ አንድ ነው። የቆላሁት ቡና ሁሉ ለሙከራ ስላለቀ ሙቀጫውን አጥቤ፣ ደፍቼ፣ ከጓዳ ጥግ አስቀመጥኩት። ጡረታ ወጣ አልኩ። በልፋቱ ከእኔ ቀድሞ ማረፉ አስቀናኝ።

አንድ ከሰዓት በኋላ ግን ሆነ። ከማሽኗ አፍ ቡናው እንደ ማር ክር ሆኖ ወረደ፤ በላዩ ላይም ወርቃማ አረፋ ተኛ። ለአባዬ አቀረብኩላቸው። ፉት አሉ። ደግመው ፉት አሉ።

"ማሻአላህ" አሉ። "ይኼ ቡና ነው።"

ከደስታዬ ብዛት የማደርገውን አጣሁ። እንዲቀጥሉ ጠበቅኩ። ሚሌ የለም። ኤሊዳር የለም። ስኒውን ግማሽ ላይ አስቀመጡና ወደ ግቢው በር ተመለከቱ።

"ምነው አባዬ፣ አልጣመዎትም?"

"ጣመኝ አልኩሽ እኮ።"

በማግስቱም ጣማቸው። ከዚያ ወዲያም ጣማቸው። በየቀኑ እፈጫለሁ፣ በየቀኑ ይወርዳል፣ በየቀኑ ይጥማል፤ እሳቸውም ግማሹን ትተው በሩን ያያሉ። ቤቱ ውስጥ ከሚሰማው ድምፅ ሁሉ የሚበልጠው ስኒው ጠረጴዛው ላይ ሲቀመጥ የሚያሰማው ሆነ። እኔም እንደ ተማረ ሰው አንድ ጠቅታ ባጠብቀው ይሆን እያልኩ መጨነቄን ቀጠልኩ። አንድ ቀን፣ "ልጄ፣ ሻንጣዬን ከቁም ሣጥኑ ላይ አውርጂልኝ" አሉኝ። አወረድኩላቸው። ሌላ ምን አደርጋለሁ?

በዚያው ቀን ለአረፋ ቅመም ልገዛ ስወጣ በላይነሽን በሯ ላይ አገኘኋት። ሰላምታዋ ጨው አልነበረውም።

"አባትሽ ደህና ናቸው?"

"አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ናቸው።"

"ምነው ታዲያ ቡና ተዋችሁ?"

"ኧረ እንጠጣለን። በየቀኑ።"

"በየቀኑ" አለች። "እንግዲያው የተዋችሁት ሰው ነዋ።"

"አንቺ፣ እንዲህ አይባልም።"

"ታዲያ እንዴት ይባላል? ጋሽ ይማም በየቀኑ ከሰዓት መርፌያቸውን አስቀምጠው ያዳምጣሉ። ወይ ታመዋል ወይ ጠልተውናል እያሉ ነው። እኔም ሙቀጫሽ ሳይጠራኝ እንዴት ብዬ ልምጣ? ሆዳም ነኝ?"

"ታዲያ መጥቼ ልጥራሽ?"

"ጥሪ ለሠርግ ነው እቴ። ቡና ይሰማል እንጂ አይጠሩበትም።"

ቅመሙን ሳልገዛ ተመለስኩ። ከበሯ እስከ በሬ ያለችው መንገድ አጭር ናት፤ ግን ጠረጴዛው ላይ የተውኩት የጋሽ ተፈራ ነገር መንገድ ላይ ደረሰብኝ። አባዬ ቡናዬን የሚያማርሩት ቡናው እንዲሻሻል አልነበረም። ማማረሩ በራቸው ነበር፤ በእሱ ነው ወደ ወሬው የሚገቡት። እኔ ደግሞ ቡናውን አሳምሬ አሳምሬ በሩን ዘጋሁባቸው፤ የሚሰማ ሰው እንዳይመጣም ሙቀጫውን ዝም አሰኘሁ። የምወደውን ሰው፣ የሚለውን ቃል በቃል ሰምቼ፣ እንዲህ መበደሌ ሲገርመኝ ይኖራል። ጆሮ ያለው ሁሉ ይሰማል፤ የተባለው ነገር ስለ ምን እንደተባለ መስማት ግን ሌላ ሥራ ነው፤ ለእሱ መፍጫ አልተሠራለትም።

ስገባ አባዬ አልጋቸው ላይ ተቀምጠው፣ ሻንጣው ተከፍቶ፣ ሸሚዝ ያጥፋሉ። በላይነሽ ያለችኝን ሁሉ፣ ስለ ጋሽ ይማም መርፌም ጭምር ነገርኳቸው። ሸሚዙን እጃቸው ላይ እንደያዙ አዳመጡኝ።

"መርፌውን አስቀምጦ?" አሉ።

"አስቀምጠው ያዳምጣሉ አለች።"

"ሙቀጫው የት አለ?"

"ጓዳ። ግን አባዬ፣ የተቆላ ቡና ያለኝ ለማሽኑ የሚሆን ብቻ ነው። ከወቀጥነው ያን አረፋውን አይሰጥም።"

"ማን ወቅጪ አለሽ? አንቺ በዚያ በመፍጫሽ ፍጪ። ሙቀጫውን ለእኔ አምጪልኝ።"

"ባዶውን? ባዶ ሙቀጫ ይወቀጣል እንዴ?"

"ክላክስ ውስጥ ምን አለ?" አሉኝ። "አየር ነው። ሰው ግን ይጠራል።"

ወንበራቸውን እኔ ተሸክሜላቸው፣ እሳቸው ግድግዳ እየያዙ በሩ ድረስ ወጡ። ሙቀጫውን በእግሮቻቸው መካከል አቆሙና ዘነዘናውን አነሱ። ምቱ የእኔ አልነበረም፤ ዘገምተኛ ነው፣ መሪ እንደሚያዞር ሰው ትንሽ ወደ ጎን ያዘነብላል። ጓዳ ሆኜ ቀለበቱን እያዞርኩ ስፈጭ መጀመሪያ የአጥሩን መዝጊያ፣ ቀጥሎ የጋሽ ይማምን ሳል ሰማሁ። ቡናው እንደ ማር ክር ወረደ። አባዬ ፉት አሉ።

"ይኼ ቡና ነው?" አሉ።

በላይነሽ እግሯን አመቻቸች።

የአረፋ ዕለት ከሶላት መልስ በጉ እዚሁ ደሴ፣ እኔ ግቢ ታረደ፤ ሥጋው ለጎረቤት ተከፋፈለ። ከሰዓት በኋላ አባዬ ጋቢያቸውን ደርበው በሩ ላይ ተቀመጡና ባዶውን ሙቀጫ ወቀጡ።